«ልዩ ልዩ ወጪ»፦ ከማህፀን በር ካንሰር ሕክምና በኋላ ያለው ኑሮ ለምን ስም አጣ?



ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ የሒሳብ ሪፖርት ስናዘጋጅ አንድ መስመር አላስኬድ አለን። በሒሳብ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የምንማረው እያንዳንዱ ወጪ ስም ሊኖረው እንደሚገባ ነው። ትራንስፖርት ስም አለው፣ መድኃኒት ስም አለው፣ የላቦራቶሪ ምርመራም ስም አለው። «ልዩ ልዩ» የሚባለው መስመር ግን ስም ያጣ ነገር ሁሉ የሚታጎርበት ጓዳ ነው። ኦዲተር ሲመጣም መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው።

መዝገቦቻችንን ወደ ኋላ እያገላበጥን ስናይ ይህ ጓዳ በየዓመቱ ሲሰፋ አገኘነው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ዘረገፍናቸው። የአዋቂ ዳይፐር። ሞዴስ። ከፋርማሲ የተገዛ ማለስለሻ። ለእግር እብጠት የሚጠቀለል ፋሻ። የእሑድ ቡናና ስኳር። አንዱ ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ «ባለቤቷን ለማነጋገር የሄዱ ሁለት እኅቶች ታክሲ» ይላል። ሁሉም ሕክምናቸውን ለጨረሱ እኅቶች የወጣ ነው። ከደጋፊዎቻችን አንዱ በደብዳቤ በጨዋ ቋንቋ «ይህ ከካንሰር ሕክምና ጋር ያለው ግንኙነት ቢብራራልን» ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው አግባብ ነው። መልሱን ግን በአንድ አንቀጽ መጻፍ አቃተን፤ ምክንያቱም ነገሩ ስም ያጣው በእኛ መዝገብ ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። ይህን ጽሑፍ ያመጣውም እሱ ነው።

ታሪኩን ከእ.ኤ.አ. 1898 እንጀምር፤ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ ዓመት በቪየና ኤርንስት ቨርትሃይም የሚባል ሐኪም የማህፀን በር ካንሰርን ለማውጣት ማህፀኑን ከነዙሪያው በሆድ በኩል ቆርጦ የሚያነሣ ከባድ ቀዶ ጥገና ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ከጠረጴዛው ወርደው ብዙም ሳይቆዩ ያልፉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በፓሪስ ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ራዲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። አምስት ዓመት ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ማርጋሬት ክሊቭስ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም የማህፀን በር ካንሰርን በራዲየም ማከሟን በሕክምና መጽሔት ጻፈች። ዛሬ «የውስጥ ጨረር» የምንለው ሕክምና ሥሩ እዚያ ነው። ንጥረ ነገሩን ያገኘችው ሴት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዷ ሴት፣ የታከሙትም ሴቶች መሆናቸውን ልብ በሉልን። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የምናገኘው ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀነሰ ነው። ሴትየዋ ቤቷ ገብታ እንዴት እንደዋለች አይደለም።

ከዚያ በኋላ መለኪያው ጸና፦ «አምስት ዓመት»። አንዲት ሴት ከሕክምናው በኋላ አምስት ዓመት ከኖረች ሕክምናው ተሳካ ይባላል። መለኪያውን አንንቀውም፤ ቁጥር የሌለው ሥራ የት እንደሚደርስ እኛ የሒሳብ ሰዎች እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ሚዛን አንድ ዓምድ ብቻ ያለው ነው። በሕይወት አለች ወይስ የለችም? እነዚያ አምስት ዓመታት ምን ይመስሉ ነበር የሚለው የሚመዘገብበት ዓምድ አልተሠራለትም።

በዚህ መካከል የሴቶች ውለታ ሲረሳ ማየት የተለመደ ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት የማህፀን በር የናሙና ምርመራ በዶክተር ፓፓኒኮላዎ ስም ይጠራል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1943 ወጣ። ለዓመታት ናሙናው በየዕለቱ ሲወሰድባት የነበረችው ግን ባለቤቱ አንድሮማኪ ነበረች። ምርመራው በባሏ ስም ተጠራ፣ የስንቱን ሴት ሕይወትም አተረፈ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን የሄንሪዬታ ላክስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ የአምስት ልጆች እናት የሆነች የ30 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት በማህፀን በር ካንሰር ተያዘች። በራዲየም፣ ቀጥሎም በኤክስሬይ ጨረር ታከመች። ሳትጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰዱት ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ሳይሞቱ መራባታቸውን ቀጥለው ለፖሊዮ ክትባትና ለብዙ ምርምር አገለገሉ፤ ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ያልተሰማው ሌላው ነገር ነው። ሄንሪዬታ ጨረሩ ከእንግዲህ መውለድ እንደማያስችላት የተረዳችው ከታከመች በኋላ ነበር። ቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ሕክምናውን እንደማትቀበል መናገሯ በሕክምና መዝገቧ ላይ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ31 ዓመቷ አረፈች። ዕጢዋ ተጠንቷል፣ ሕዋሷ ዓለምን ዞሯል፤ ስለ ነገ ኑሮዋ ግን አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ያነጋገራት አልነበረም።

እዚህ ላይ «ይህ የድሮ ነው፣ የአሜሪካ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የእኛ የእሑድ ቡና ላይ አንድ ቀን ቢቀመጥ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።

ከሕክምና በኋላ ያለውን ኑሮ ስም ሊሰጡት የተነሡት በአብዛኛው ራሳቸው የታመሙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ቴሪስ ላሰር የምትባል ሴት ለካንሰር ጡቷ ተቆረጠ። ከሆስፒታል ስትወጣ ምን እንደምትለብስ፣ ክንዷን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ባሏን ምን እንደምትለው የሚነግራት አጣች። ስለዚህ ራሷ በየሆስፒታሉ እየዞረች አዲስ የተቆረጡ ሴቶችን መጎብኘት ጀመረች። በቦርሳዋ ለክንድ ማፍታቻ የሚሆን ኳስና ገመድ፣ በጡት ፋንታ ከልብስ ሥር የሚደረግ ጊዜያዊ ነገርም ትይዝ ነበር። «ሐኪም ሳትሆኚ ምን አገባሽ» ብለው በር የዘጉባት ነበሩ። ሥራዋን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 ተቀብሎ የራሱ ፕሮግራም አደረገው። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ ማለት ነው፤ የእኛ የአንድ ዓመት ደብዳቤ መመላለስ ቀላል ነው።

ጡት ስም ሲያገኝ ማህፀን ግን ወደ ኋላ ቀረ። በእኛ ግምት ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጡት ጉዳት በልብስ ላይ ይታያል፣ ሰው ይጠይቃል፣ መልስ ይፈለግለታል። የማህፀን በር ጉዳት አይታይም። በአገራችን ደግሞ ስሙን መጥራትም ነውር ነው፤ «እዚያ በታች» ተብሎ ይታለፋል። ያልተጠራ ነገር ደግሞ በመዝገብ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ፊትስሁ ማላን የሚባል፣ ራሱ በወጣትነቱ በካንሰር የታመመ አሜሪካዊ ሐኪም ታዋቂ በሆነ የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሕክምና ሲያልቅ ሕመምተኛው ወደ ድሮው ሰው አይመለስም፣ የራሱ ጠባይና የራሱ ችግር ያለው ሌላ ወቅት ይጀምራል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ከካንሰር የተረፉ ሰዎች» የሚለው አነጋገር የራሱ ማኅበራትና የራሱ ጥናት እያገኘ የመጣው።

እ.ኤ.አ. 1999 ለእኛ ጉዳይ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ የማህፀን በር ካንሰር ሥር በሰደደበት ጊዜ ጨረርን ብቻ ከመስጠት ሲስፕላቲን ከሚባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት የሞትን አደጋ በጉልህ እንደሚቀንስ አምስት ትላልቅ ጥናቶች አሳዩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምም ለሐኪሞች አስቸኳይ ማሳሰቢያ አወጣ። በዚያው ዓመት የስዊድን ተመራማሪዎች በካንሰሩ መነሻ ደረጃ ላይ ታክመው የዳኑ ከ250 በላይ ሴቶች የሰጡትን መልስ አወጡ። ሴቶቹ የተጠየቁት በስም ሳይሆን በወረቀት ነው፤ ፊት ለፊት የማይወጣው ቃል በወረቀት ወጣ። ከጤነኞቹ ጋር ሲነጻጸሩ የብልት ድርቀት፣ ማጠርና መጥበብ በብዛት ታየባቸው፤ ይህም ለብዙዎቹ ከባድ ጭንቀት መሆኑ ተጻፈ። ሁለቱም ዜና እኩል ጩኸት አላገኘም። የመጀመሪያው የዓለምን ሕክምና ቀየረ። ሁለተኛው ወደ አገራችን የምክር ክፍሎች ምን ያህል እንደደረሰ አባሎቻችን ይመስክሩ።

ወደ አገራችን እንምጣ። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ረድቷል። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ አገሪቱ በሙሉ የምትታከመው እዚያ ባሉት የኮባልት ማሽኖች ነበር። ከጎንደር፣ ከጂንካ፣ ከጅግጅጋ የመጣችው ሁሉ ተራዋን የምትጠብቀው እዚያ ነበር። ወራት መጠበቅ የተለመደ ሲሆን እየጠበቀች በሽታው ደረጃ የሚያልፍባትም ብዙ ናት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዘመናዊ ማሽኖች ገብተው በጅማና በሐረርም የጨረር ሕክምና መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ነው። የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በአገራችን ከ7,000 በላይ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር ተይዘው ከ5,000 በላይ ሞተዋል። ክትባቱ የልጆቻችንን ዘመን ይለውጣል ብለን እናምናለን። ዛሬ የታከሙትን ግን ክትባት አይደርስላቸውም።

ሰልፉ ረጅም በሆነበት አገር «ከሕክምና በኋላስ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት ይመስላል። እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አስበን ነበር፤ ማኅበራችን ሲመሠረት መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የሠፈረው «በሕክምና ላይ ያሉ እኅቶችን መርዳት» ነው። ጨረሩን ጨርሳ የምስጋና እንጀራ ተቆርሶ እልል ከተባለ በኋላ መዝገቧ ይዘጋል። «ተዘግቷል» የሚል ማኅተም ሳይቀር አስቀርጸን ነበር።

ሐሳባችንን ያስቀየረችው አንዲት እኅታችን ናት። ቤተሰቦቿ ፈቅደውልናል፣ ስሟን ግን አንጽፍም። ከሰሜን ሸዋ እየተመላለሰች ታከመች። የመጨረሻው ቀን «ጨርሰሻል፣ ከሦስት ወር በኋላ ነይ» ተባለች። ጨረር ከውስጥ ጠባሳ እንደሚተው፣ ጠባሳው ቀስ እያለ ብልትን እንደሚያጠብ አልተነገራትም። ከሦስት ወር በኋላ ስትሄድ ምርመራው እጅግ አመማት፣ ሐኪሙም በደንብ ማየት አልቻለም። ሁለተኛ አልተመለሰችም። ባሏ «ድነሻል እየተባለ ለምን ትሸሺኛለሽ» እያለ ይጣላት እንደነበር በኋላ ሰማን። «እትዬ፣ እኔ እኮ ሴት መሆኔ ቀርቷል፤ ለእሱ እንዴት ብዬ ልንገረው?» ብላ ነበር ለአንዷ አባላችን፣ በስልክ። አባላችንም ምን እንደምትመልስላት አላወቀችም። «አይዞሽ ልጄ፣ ጸልዪ» አለቻት። ደም ፈሷት ስትመለስ በሽታው ተመልሶ ብዙ ርቆ ነበር። ባለፈው ዓመት አረፈች።

ፋይሏን አውጥተን አየነው። የትራንስፖርት ደረሰኞቿ አንድም አልጎደሉም። የመድኃኒቷ ሒሳብ እስከ ሳንቲም ይገጥማል። የእኛ ሥራ ነበርና ኮራንበት፤ ከዚያ ደግሞ አፈርንበት። «ተዘግቷል» የሚለው ማኅተም ከሞተችበት ቀን 26 ወር ቀድሞ ተመትቷል።

ያንን ስልክ ዛሬ ብትደውልልን ምን እንላት ነበር? ይህን ለማወቅ ሲስተሮችን ጋብዘን ተማርን፤ ያወቅነውንም እዚህ እንጽፈዋለን፤ ይህን እትም ለሌላ እኅት የምታነቡላት ትኖራላችሁና። ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር የእንቁላል ማምረቻውን ስለሚያቆም የ30 ዓመት ሴትም በድንገት ታርጣለች። ላብ፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ ይመጣል፣ አጥንትም ይሳሳል፤ ይህ ጠባይ መበላሸት አይደለም፣ ሐኪምም የሚያግዝበት መንገድ አለ። የብልት መጥበብን ለመከላከል ቁስሉ ሲሽር፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጣት የሚያህል ለስላሳ ማስፊያ በማለስለሻ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መጠቀም ይመከራል፤ መቼ እንደምትጀምር የምትነግራት ግን ሐኪሟ ናት። ባል ለሌላትም ያስፈልጋል፤ ሐኪም በሽታው አለመመለሱን የሚያየው በዚያው በር ነውና። እግሯ ካበጠ፣ ሽንቷ ወይም ሰገራዋ ደም ካለው፣ ሽንት ሳታውቀው ካመለጣት፣ ዓመታት ቢያልፉም ከጨረሩ ሊመጣ ስለሚችል መታየት አለባት። ካንሰሩም ሆነ ሕክምናው በግንኙነት ወደ ባል አይተላለፍም፤ በውጭ ማሽን ጨረር የታከመችም ከሕክምናው ክፍል ስትወጣ ጨረር ይዛ አትወጣም። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ዐረፍተ ነገር ለባሎች እናነባለን። የታክሲው ደረሰኝ የዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የእኛ ሴት አትቀበለውም» የሚሉን አሉ። እኛ ግን የራሳችን አገር ታሪክ አለን። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በወሊድ ተጎድተው ሽንታቸው የሚፈስ፣ ከቤት የተባረሩ ሴቶች እዚያ ተሰፉ። የእኛን ዓይን የሳበው ግን ከስፌቱ በኋላ ያለው ነው። ታክማ የምትሄደው ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሸኛለች። ፈጽሞ መዳን ያልቻሉት በደስታ መንደር መኖሪያና ሥራ ተዘጋጀላቸው። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ እዚያው የአስታማሚ ሥራ ተምረው አዲስ የመጣችውን ይቀበላሉ። በ16 ዓመቷ ገደማ ተጎድታ የመጣችው ማሚቱ ጋሼ በቀዶ ጥገናው ክፍል እያገዘች፣ እያየች ተምራ ራሷ ፊስቱላ የምትሰፋ ሆነች። የቀሚሱ ዋጋ በዚያ ሆስፒታል መዝገብ በምን መስመር እንደሚጻፍ አናውቅም፤ ግን «ልዩ ልዩ» ውስጥ እንዳልሆነ እንገምታለን።

በካንሰሩም በኩል ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. በስሙ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ቤት ከፍቷል። አባሎቻችን እዚያ ያደሩ ናቸው። ብዙዎቹ የሚነግሩን ስለ አልጋው አይደለም። ማታ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ከማያውቋት የሌላ አገር ሴት ጋር ስለ ራሳቸው ሰውነት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መነጋገራቸውን ነው የሚያነሡት። የስዊድን ተመራማሪዎች በወረቀት ያገኙትን የእኛ ሴቶች በጨለማ አገኙት ማለት ነው።

እንግዲህ ለደጋፊያችን ደብዳቤ መልሳችን ይህ ነው። ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብም ሁለት ነገር ብቻ የያዘ ነው። አንደኛው መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ «በሕክምና ላይ ያሉ» ከሚለው ቀጥሎ «እና ሕክምናቸውን የጨረሱ» የሚል እንዲጨመር ነው። ሁለተኛው በሒሳብ መደባችን «ከሕክምና በኋላ ክብካቤ» የሚባል የራሱ መስመር እንዲከፈት፣ ዳይፐሩም ማለስለሻውም ማስፊያውም የእሑዱም ቡና እዚያ እንዲገባ ነው። ገንዘቡ አይጨምርም፤ ከዚህ በፊትም ሲወጣ የነበረ ነው። የሚጨምረው ስሙ ነው። የሚቃወም አባል ካለ በጉባኤው ይናገር፣ ክርክሩን አንፈራም። ባለፈው ስብሰባ «ቡና እንዴት ሕክምና ይሆናል?» ያሉን እማማ አሁንም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ግን ጀበናው ያለው እሳቸው ቤት ነው።

ጉባኤው እስኪወስን ድረስ መስመሩን በእርሳስ ከፍተነዋል። እስካሁን የገቡት ሦስት ናቸው፦ ሁለት እሽግ ዳይፐር፣ አምስት ማስፊያ፣ አንዲት እኅት ወደ ሦስት ወር ቀጠሮዋ ስትሄድ አብራት ለሄደች አባል የደርሶ መልስ ታክሲ። ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል።